ለእንሰት መፋቂያ ቃሊቲ ድረስ

ከቃሊቲ ከተመለስኩ ወዲህ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እስቲ ንገሪን» ይለኛል። ነግሬ ነግሬ ጉሮሮዬ ደረቀ። ደግሞ አንዱ ጋ ያሳጠርኩትን ሌላው ጋ ሳረዝም «ለእኛ ይህን አልነገርሽንም» የሚል ኩርፊያ መጣ። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ከእናንተ አዲስ አበባን ያያችሁ ጥቂት ናችሁ፣ ቃሊቲን ያያችሁ ደግሞ ከዚያም ታንሳላችሁ። የማታውቁት ቦታ ነው ብዬ እንዳልጨምርበት ራሴን እየተቆጣጠርኩ ነው የምጽፈው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከመነሻው ልበል። እኔ ከወልቂጤ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ የቴክኒክና ሙያ አስተማሪ ነኝ፤ የብረታ ብረት ሥራ አስተምራለሁ። እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ የኖረች ሴት ናት። አፋፋቁን ያላየ ሰው ድካሙ አይገባውም። መሬት ላይ ትቀመጫለሽ፣ ከግንዱ የላጥሽውን ሽፋን ዘንበል ያለ ሳንቃ ላይ ታስደግፊያለሽ፣ አንድ እግርሽን ወደ ላይ ሰቅለሽ በተረከዝሽ ጫን አድርገሽ ትይዢዋለሽ፣ ከዚያ በሁለት እጅሽ የቀርከሃ መፋቂያውን ከላይ ወደ ታች ትገፊያለሽ። ቀኑን ሙሉ። እማዬ ዳሌዋ እምቢ ካላት ሦስት ዓመት ሆነ። አንዴ ከተቀመጠች ሁለት ሰው ካልደገፋት አትነሣም፤ እንዲያም ሆኖ ሥራውን አልተወችም።

እኔ ሞኟ «ቆመሽ የምትፍቂበት ማሽን እሠራልሻለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላት። ከኢንተርኔት የቃጫ መላጫ ማሽን ሥዕል አገኘሁ፤ የብረት ስለት የተደረደረበት ከበሮ በሞተር እየዞረ ቅጠሉን ይፍቃል። ለእንሰት እንዲሆን ልኩን ቀይሬ ንድፍ አወጣሁ። የሴቶች ማኅበሩን ሰብስቤ በፕሮጀክተር አሳየሁ፤ አጨበጨቡልኝ። የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ተቀበለው። ግን አንድ ነገር ጨመረ፦ ቅዳሜ በሕዝብ ፊት ይሞከር፣ ካልሠራ ፕሮጀክቱ ይዘጋል። ሲዘጋ እንዴት እንደሚዘጋ ደግሞ አውቃለሁ። ከእኔ በፊት የተዘጉት ሁለት ማሽኖች የጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሰው ቆመዋል፣ ዶሮ ይተኛባቸዋል።

የእኛ ቶርኖ፣ ያ ብረት እየዞረ የሚቀረጽበት ማሽን፣ ከተበላሸ ስለቆየ ንድፉን ከሦስት ሳምንት በፊት በሰው እጅ ቃሊቲ ልኬው ነበር፤ ጋሽ ወርቁ ለሚባሉ ባለሙያ። ሥራው አለቀ ሲሉኝ ላመጣው ተነሣሁ።

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እማዬ ለእኔም ለአገሩም የሚበቃ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ አስያዘችኝ። «አዲስ አበባ ምግብ አለ እኮ» ብላት «ምግቡስ አለ፤ ነይ ብዪ የሚልሽ ሰው ይኑር እንጂ» አለችኝ። እስከ ወልቂጤ ኮረኮንቹ እንደ ልማዱ አንጀቴን አማሰለው፤ ከወልቂጤ በኋላ አስፋልት ስለሆነ ተኛሁ። ወሊሶ ላይ ለቁርስ ወረድን። ሻዩ እኛ ጋ ከሚቀዳው ግማሽ ነው፣ ስኳሩ ግን እጥፍ ነው፤ ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም።

አየር ጤና ወረድኩ፤ ከዚያ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ሳሪስ። ከሳሪስ ወዲያ መንገድ የለም ቢባል ይቀላል። መሃሉን ለባቡሩ ቆፍረውታል፤ ታክሲው በግራ ገብቶ በቀኝ ይወጣል፣ ከፊቱ ከባድ መኪና፣ ከኋላው ከባድ መኪና። የእኛ አቧራ ቀይ ነው፣ ልብስ ላይ ሲያርፍ ቢያንስ ይታያል። የዚያ ግን ግራጫ ሆኖ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ሳይታወቅሽ ታረጂያለሽ።

ረዳቱን «ቃሊቲ ስንደርስ አውርደኝ» አልኩት። እሱ ደግሞ የእማዬን የምግብ ቋጠሮ አይቶ በራሱ ጊዜ ገመተና ማረሚያ ቤቱ መግቢያ ላይ አወረደኝ! ምኑም ሳይገባኝ በሩ ላይ የጠያቂዎችን ስልክ ከሚያስቀምጡት ኪዮስኮች በአንዷ ውስጥ ያለች ሴት «ነይ የኔ እህት፣ ስልክ ይዘሽ አትገቢም» ብላ ስልኬን ከእጄ ተቀብላ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ሰጠችኝ። «ምግቡንም ወደ ሳህን ገልብጪው፣ አይዞሽ፣ ያልፋል» አለችኝ በሐዘኔታ። እኔም ሰው ሲያዝንልኝ አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በዚህ መሃል ስልኬ እሷው እጅ ላይ ጮኸ። መልሳ ሰጠችኝ፤ ጋሽ ወርቁ ናቸው።

«የት ደረስሽ?» አሉኝ።

«ማረሚያ ቤት።»

«በአንድ ቀን? ምን አድርገሽ?»

ሴትየዋ ነገሩ ሲገባት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስልኩን ያስቀመጠችበትንም «ለአንቺ በነፃ ነው» ብላ እምቢ አለች። ጋሽ ወርቁ በእግራቸው መጥተው ወሰዱኝ። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ አንድ ጆሯቸው በፋብሪካ ጩኸት የደከመ ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ራሳቸው ዕድሜያቸውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ከተሠሩት ሼዶች በአንዱ ከልጆቻቸው ጋር ይሠራሉ።

«አልጋ ቤት ያሳዩኝ» ብላቸው «የአገርሽ ሰዎች እያሉ?» ብለው ከሼዱ ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ወሰዱኝ። ከድርና ባለቤቱ ዘይነባ የስልጤ ሰዎች ናቸው፤ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቀለም፣ የውሃ ቧንቧ ይሸጣሉ። እኔ የጉራጌ ክርስቲያን መሆኔን፣ ስልጤና ጉራጌ ለየቅል መሆናችንን ለማስረዳት ብሞክር ጋሽ ወርቁ የደከመውን ጆሯቸውን አዞሩልኝ። ዘይነባም አልጠበቀችኝም። «እንግዳ በእኔ ደጅ አልፎ አልጋ ቤት? ሰው ምን ይለኛል!» ብላ ቦርሳዬን ከእጄ ነጠቀችኝ። ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል አልጋ አነጠፈችልኝ። የእማዬን ቆጮ ስትፈታው ዓይኗ በራ። ቆርሳ አሸተተችው፣ ከዚያ ቁጭ ብላ በላች። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ማክሰኞ ሼዱን አየሁ። እናንተዬ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ! እኛ ጋ አንድ ብሎን ሲጎድል ወልቂጤ ሰው ልከን፣ ሰውየው ሌላ ጉዳይ ገጥሞት፣ በሳምንቱ የተሳሳተ ብሎን ይዞ ይመለሳል። እዚያ ጋሽ ወርቁ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «የአሥራ ሁለት!» ብለው ጮኹ፤ ከሦስተኛው ሼድ ብሎኑ ተወርውሮ መጣ። አንዱ ይበይዳል፣ አንዱ ሞተር ይጠመጥማል፣ አንዱ የጊር ጥርስ ያወጣል፤ አብዛኞቹ ሙያውን የተማሩት በዚያው አካባቢ ፋብሪካዎች ከሠሩ አባቶቻቸውና አጎቶቻቸው ነው። ግድግዳው ላይ የሥራ ቦታን በሥርዓት ስለ መያዝ የሚያስተምር፣ «ካይዘን» የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሥሩ የምሳ ዕቃቸውን ሰቅለውበታል።

ማሽኔ መሃል ላይ ቆሟል። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ ስለቶቹ ያብረቀርቃሉ። አቀፍኩት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አቀፍኩት።

«በሉ እንጫነው፣ ነገ ጠዋት ልሂድ» አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ጨርቅ አንሥተው እጃቸውን መጥረግ ጀመሩ። «በምን ተሞክሮ?»

«ሲዞር አየሁት እኮ።»

«መዞርማ ጎማም ይዞራል። ከዚህ ሼድ ማሽን የሚበላውን ሳይበላ አይወጣም። የሊጥ ማሽን ሊጥ በልቶ ነው የወጣው። የዶሮ ላባ መንጫ የሠራን ጊዜ ሦስት ዶሮ ገዝተናል። የአንቺስ ምን ነበር የሚበላው?»

«እንሰት ነዋ! ቃሊቲ ላይ እንሰት ከየት አመጣለሁ?» ተናደድኩ። መናደዴን አልክድም፤ ቀን እየሄደብኝ ነው፣ ሽማግሌው ደግሞ ያንን ጨርቅ ይዘው ጣታቸውን አንድ በአንድ ይጠርጋሉ። ተከራከርን። እምቢ አሉ። የሼዱ ቁልፍም ያለው እሳቸው ኪስ ነው።

እያጉረመረምኩ ወደ ዘይነባ ሄጄ ብነግራት እጄን ይዛ ከቤቱ ኋላ ወሰደችኝ። አራት እንሰት! ከእናቷ ጓሮ ችግኝ አምጥታ ተክላቸው፣ ቅጠላቸውን ለዳቦ መጋገሪያ ትሸጣለች። ትልቁን ዳሰስ አደረገችውና «ይሄን ውሰጂ። ስድስት ዓመቱ ነው፤ የበኩር ልጄ እኩያ ነው» አለች። አይሆንም ብላት ቢላ ይዛ መጣች።

ረቡዕ ጠዋት ግንዱን ላጥነውና ሼዱ ውስጥ ተሰበሰብን። ሞተሩ ተነሣ። የመጀመሪያውን ሽፋን ሳስገባ ማሽኑ ዋጥ አደረገው፤ ቃጫው በአንድ በኩል፣ ቆጮ የሚሆነው ለስላሳው ፍቅ ቅርጫት ውስጥ። እማዬ ግማሽ ቀን የምትደክምበትን እኔ ሻይ ተፈልቶ ሳያልቅ ጨረስኩት። ጎረቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። ጋሽ ወርቁ እንኳ ፈገግ አሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዘይነባ ጾም መሆኑን አስታውሳ ጎመን በዘይት ሠርታልኝ ነበር። በልተን ስንመለስ ከድር ቅርጫቱ አጠገብ ቆሞ ራሱን ያካል። «ይሄ ነገር ሲወጣ ነጭ አልነበረም?» አለ።

ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ክው አልኩ። ጥቁር ሆኗል። የተቃጠለ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል።

ዘይነባ እፍኝ አነሣች፣ በጣቶቿ አሸች፣ ከዚያ አየችኝ። «ብረት ነው እንዴ ያስነካሽው?»

«ስለቱ ብረት ነዋ፤ በምን ይፋቅ?»

«አንቺ! እንሰት በብረት ይፋቃል? ብረት ያጠቁረዋል እኮ! ይሄን ማን ይበላዋል?»

«እና ቀርከሃ የምንጠቀመው ብረት ስለሌለን አይደለም?»

ይህን ሳልል አፌን በያዝኩ ኖሮ። ዘይነባ ወደ ሱቃቸው ዞረች፤ እስከ ጣሪያ የተቆለለው ቆርቆሮና ሚስማር ይታያል። «ብረት ስለሌለን? የእናቴ ቤት ስንት ቢላ አለ! ግንዱን በምን የምንቆርጠው መሰለሽ? የቆረጥንበትን ጫፍ እንኳ ቀርፈን ነው የምንጥለው። ይሄን የምታስተምሪው አንቺ ነሽ?»

አላሾፈችብኝም፤ በእውነት ነው የገረማት። እኔ ግን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። የእንሰት አገር ልጅ ነኝ፣ ቆጮ በልቼ አድጌ፣ ያን መፋቂያ በየቀኑ እማዬ እጅ ላይ እያየሁ፣ ድህነት መስሎኝ! ትምህርት ቤት እያለሁ እጄ እንዳይሻክር እማዬ አንድ ቀን አስነክታኝ አታውቅም፤ እኔም ሥራውን ንቄው አደግሁ። እውነቱ ይኸው ነው። ስትጠይቁኝ አንዳንዶቻችሁ ጋ ወሬውን ለምን እንዳሳጠርኩት አሁን ይገባችኋል።

ጥግ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እማዬ ቅዳሜ ከሰው ሁሉ ፊት ስትቆም፣ ማሽኑ ጥቁር ሲተፋ፣ ከዚያ ሸራው፣ ከዚያ ዶሮዎቹ ታዩኝ። ጋሽ ወርቁ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «ጥሩ ሆነ» አሉ።

«ምኑ ነው ጥሩ?»

«እዚህ መጥቆሩ። እዚያ ቢሆንስ?»

የማይዝገው እስቴንለስ ይሻላል ብዬ ነበር። ስለቱ በሚፈልገው ውፍረት እስከ ሐሙስ የሚያገኝልን ሰው ግን ቃሊቲም አልነበረም። ያን ቀን በዚሁ አበቃ።

ሐሙስ ጠዋት ስነቃ ከሱቁ በኩል ዕቃ ሲንኳኳ ሰማሁ። ዘይነባ የቀርከሃ መደርደሪያዋ ላይ ያለውን የቀለም ቆርቆሮ አንድ በአንድ እያወረደች ነው። ወንድሟ ከአገር ያመጣላት መደርደሪያ ነው። «ከድር ሳይነሣ ቶሎ እንበል» አለችኝ። ከድር ግን ተነሥቶ በር ላይ ቆሟል። መደርደሪያውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ መጋዝ ከሱቁ አውጥቶ ሰጠኝና «ቀርከሃውን በዚህ ቁረጡት፣ የሼዱ መጋዝ ይሰነጥቀዋል» አለ። እግዜር ይስጠው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ትምህርት ቤት ውስጥ አላየሁም። ጋሽ ወርቁ ከበሮውን አጋድመው «ፋብሪካ እያለሁ የብረቱ ከበሮ ክር ሲበጥስብን እንጨት እናለብሰው ነበር» አሉ። የብረት ስለቶቹን አወለቁ። ከሰማያዊ የውሃ በርሜል ፕላስቲክ ቆርጠው ከበሮውን ጠቀለሉት። በላዩ የእንጨት ዘንግ አሰሩ፤ በዘንጉ ላይ ቀርከሃውን። የብሎኑን ራስ ሁሉ ወደ ውስጥ አስገብተው በእንጨት ቡሽ ደፈኑት። ዘይነባ ሱቋን ለከድር ትታ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ እንዲህ አይሳሉት» ትላለች።

«ካልተሳለ እንዴት ይቆርጣል?»

«መቁረጥ ማን ፈለገ? መፋቅ ነው። ዘንበል ይበል፣ ጠርዙ ደነዝ ይበል። ይኸው እጄን ይዩት።» ክንዷን ዘርግታ ከላይ ወደ ታች ገፋች። ጋሽ ወርቁ እጇን ባለበት አስቁመው አንግል መለኪያ አስጠጉበት! ደግማ ገፋች፣ ደግመው ለኩ። ከዚያ ደግሞ ፈጠነ አለች፤ ከፈጠነ ይሞቃል፣ ከሞቀ ይጠቁራል። ከበሮውን በቺንጋ የሚያዞረው ፑሊ በትልቅ ተቀየረ፤ ከስንተኛው ሼድ እንደመጣ አላውቅም። እኔ የተማርኩት ሴትዮ እየሮጥኩ ቁልፍ አቀብላለሁ። ስታቀብል የዋለች ሴት ያን ያህል ደስ ሊላት ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለተኛው እንሰት ተቆረጠ። ዘይነባ ሲወድቅ አላየችም፤ ፊቷን አዞረች። ማሽኑ እንደ ትናንቱ አልፈጠነም፣ ግን ሠራ። ፍቁን ንጹሕ ኮባ ላይ ዘርግተን ከበን ቆምን። አንድ ሰዓት ሙሉ። አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሁላችንም ደነገጥን። ከድር በየአምስት ደቂቃው «ነጭ ነው አይደል?» ይላል፣ ዘይነባ «ዝም በል» ትለዋለች። አሥር ሰዓት ሲሆን ነጭ። አሥር ተኩልም ነጭ። ዘይነባ እፍኝ አንሥታ አፍንጫዋ ጋ አስጠጋችውና «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ጋሽ ወርቁ «ተመስገን» አሉ፤ እኔ የቱን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ሁለቱንም ብያለሁ መሰለኝ። እፎይ! የሦስት ዓመት ሸክም ከትከሻዬ ወረደ።

ዓርብ ማሽኑን ወደ ወልቂጤ የሚመለስ ባዶ አይሱዙ ላይ ጫንነው። ጋሽ ወርቁ ገመዱን አራት ጊዜ ፈትተው አሰሩት። ላመሰግናቸው ስል ጆሯቸውን እያሳዩ «አይሰማም» አሉኝ። ዘይነባ በመንገድ እንዳይርበኝ ሽሮ በሰሃን አስያዘችኝ፤ ቅጠል የምትሸጥባቸው ሁለት እንሰቶች ብቻ ቀርተዋታል። መደርደሪያውን ያመጣላት ወንድሟም «የት ሄደ?» ቢላት ምን እንደምትል እንጃ።

ሰበታ ላይ ትራፊክ አስቆመን። «ምንድን ነው የጫናችሁት?» አለ። እንሰት መፋቂያ ስለው ወደ ላይ ወጣ። የሀድያ ልጅ ነው ለካ። ከበሮውን በእጁ አዞረው፣ ቀርከሃውን ነካ፣ «ብረት የለውም?» አለ። የለውም አልኩት። «ጎበዝ» አለኝ። እሱ እንኳ ያውቃል! ሾፌሩ እስከ ወሊሶ ሳቀብኝ።

ቅዳሜ። ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው፤ ከጽሕፈት ቤቱ አራት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናንተም ነበራችሁ፣ አብዛኞቻችሁ። ግን ከኋላ ስለቆማችሁ ያልሰማችሁት አለ። እማዬ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ መጥታ ማሽኑ ፊት ቆመች። ሽፋኑን እኔ ላስገባ ስል «ተይ» ብላ ወሰደችብኝ። አንዱን አስገባች፣ ሁለተኛውን፣ አሥረኛውን። አንድ ሙሉ እንሰት ጨረሰች። ከጽሕፈት ቤቱ ሰዎች አንዱ ሰዓቱን እያየ «እሺ፣ ሠርቷል» ብሎ ሲነሣ «ቁጭ ይበሉ ጌታዬ፣ ገና ነው» አልኩት፤ ሙሉ ሰዓት አስጠበቅኩት። እማዬ ከፍቁ እፍኝ አንሥታ ለፀሐይ ገልጣ አየችው፤ እጇ ላይ ነጭ ነው። ለሴቶቹ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው፣ እልልታው ቀለጠ። ሰውየው ወረቀቱ ላይ «ይቀጥል» ብሎ ፈረመ።

ሕዝቡ ሲበተን የቃሊቲውን ሁሉ ነገርኳት፤ ጥቁሩንም፣ ልቅሶዬንም፣ የዘይነባን መደርደሪያም። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ «ብረት እንደሚያጠቁረውማ እኔም እነግርሽ ነበር እኮ፣ ብትጠይቂኝ» አለች። ተቆጥታ አይደለም። እንዲያው የሆነውን ተናገረች። ስድስት ወር ሙሉ ያን ንድፍ ከእሷ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነበር የሣልኩት፤ እሷ ቡና አቀብላኝ ትወጣለች።

«ሌላስ?» አልኳት መጨረሻ ላይ። «ሌላ የተሳሳትኩት አለ?»

«ሌላማ ብዙ ነው» አለችኝ። «ቁጭ በይና ጻፊ።»

ተቀመጥኩ። እሷ ማሽኑን በአንድ እጇ ደገፍ ብላ፣ እንደቆመች፣ አንድ ሁለት እያለች ትነግረኝ ጀመር።